ሳምራዊው አደራ የሰጠው ሰው

የዛሬው ክፍላችን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ከቁጥር 30 እስከ 37 ነው፤ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን በሰንበት ትምህርት ቤት ስለሰማነው ገና ሲነበብ "ይህንንማ አውቀዋለሁ" እንላለን። ዛሬ ግን ዓይናችሁን ከካህኑና ከሌዋዊው ለጊዜው አንሡልኝና በስብከት ላይ ብዙም ስለማይነሣ አንድ ሰው አብረን እናስብ። የእንግዶች ማደሪያው ባለቤት ነው።

ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው አየ፣ አዘነለት፣ ቀረበው። ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ። በራሱ አህያ ላይ ጫነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉንም ያደረገው በገዛ እጁ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። አንድ ሌሊት አስታመመው። በማግስቱ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለባለቤቱ ሰጠ፤ ከዚህ በላይ ወጪ ቢመጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎ አደራ ሰጥቶት መንገዱን ቀጠለ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ለሌላ አሳልፎ በመስጠቱ ፍቅሩ ጎደለ ወይ? "እውነተኛ ባልንጀራ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው ራሱ ያስታምመው ነበር" ልንል እንችላለን ወይ? ጌታ ኢየሱስ ታሪኩን ጨርሶ ለሕግ አዋቂው አንተም ሂድና እንዲሁ አድርግ ሲለው ማደሪያው አብሮ አለበት። ሁለቱ ዲናርም አብረው አሉበት።

ይህን የማነሣው እኛው መካከል ስላለ ጥያቄ ነው። አንድ ወገናችን ሰው ሞቶበት ወር ሲያልፍ፣ ዓመት ሲያልፍ ሐዘኑ አልለቅ ብሎት "ቴራፒስት ልይ ይሆን?" ብሎ ሲያስብ ወዲያው ሁለት ፍርሃት ይይዘዋል። አንደኛው፣ "እምነቴ ደከመ ማለት ነው?" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ "ቤተ ክርስቲያኔን አሳጣሁ፤ የሚያጽናናኝ የጠፋ ይመስል ወደ ባዕድ ሄድኩ" የሚል ነው። እኛም የቀረነው በልባችን የምንጠይቀው አለ፤ ሐዘንተኛን ወደ ባለሙያ ማድረስ እርሱን መተው ነውን?

የሰባት ቀን ጸጋችን

ኮሎምበስ ውስጥ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ወሬው ከአገር ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለቅርብ ወዳጁ ነው። ወዳጁ ለሽማግሌ ይደውላል፣ ሽማግሌው ለመጋቢ ይደውላል። ሰውየው የሌሊት ፈረቃ ላይ ከሆነ እስኪወጣ ይጠበቃል። መኪና እየነዳ እንዳያየው ፌስቡክ ላይ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ ይነገራል። ከዚያ ማለዳ በሩ ይንኳኳል። በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ኮት ለብሶ ሲያየው ማንም ሳይናገር ይገባዋል።

ቤቱም ይሞላል። ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ይመጣል፤ እህቶች ወጥና እንጀራ፣ ንፍሮና ቡና ይዘው ይመጣሉ። ገንዘብ ይዋጣል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆረጣል። የማያውቀው ሰው እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ ያለቅስለታል። ይህን ባህላችንን ጌታ ይባርከው። የኢዮብ ወዳጆች በምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ እንዲሁ አድርገው ነበር፤ ከሩቅ አገር መጡ፣ አለቀሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ። እኛም በዚህ የተካንን ሕዝብ ነን።

ችግሩ የሚጀምረው በስምንተኛው ቀን ነው። ወንበሮቹ ይመለሳሉ። ሥራ ይጠራል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አሠሪን የሐዘን ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የለም፤ ሦስት ቀን ያገኘ ሰው አመስጋኝ ሆኖ ይመለሳል። እናቱን ያጣ ልጅ በሳምንቱ ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን እያነሣ ነው። የሚሠራበት ቦታ ማንም ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያንም ሲመጣ "እንዴት ነህ?" እንለዋለን፤ "ጌታ ይመስገን" ይለናል፤ እናልፋለን።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አገር ቤት በኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ዘንድ ለሐዘን የጊዜ ሰሌዳ አለው፤ ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። እኛ ወንጌላውያን ስለ ሙታን ጸሎት ባለን እምነት ምክንያት ተዝካርን ትተናል፤ በዚህ ላይ አሳባችንን አልለወጥኩም። ነገር ግን ተዝካሩን ስንተው ሐዘንተኛውን ተመልሰን የምናይባቸውን ቀናትም አብረን ጥለናቸዋል። የሞተው በጌታ እጅ ነው፤ ስለ እርሱ አንሰጋም። ያለው ሰውስ? በአርባኛው ቀን የሚያንኳኳለት ማን ነው?

እርም ያልወጣለት ሐዘን

በቋንቋችን "እርም ማውጣት" የሚል አነጋገር አለን። ለቅሶውን ደርሶ፣ አልቅሶ፣ ቀብሮ፣ ሞቱ በልቡ እንዲገባ ማድረግ ነው። እርሙን ያላወጣ ሰው ሞቱን በጆሮው ሰምቷል እንጂ ልቡ አልተቀበለውም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ማርች 10 ቀን 2019፣ እሑድ ጠዋት፣ ወደ ናይሮቢ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። በዚያ ሳምንት ለቤተሰብ የሚሰጥ አስከሬን አልነበረም። በሳምንቱ እሑድ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓቱ ሲደረግ ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ቤተሰቦች ከስፍራው የተወሰደ አፈር ተሰጣቸው። የሚቀበር ነገር ያስፈልግ ነበርና አፈሩን ቀበሩ። ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ልብ የሚይዘውና የሚያሳርፈው ነገር ስለሚፈልግ ነው።

እናንተ ከኮሎምበስ ሆናችሁ ይህን ስታነብቡ የሌላ ሰው ታሪክ አይመስላችሁም። መካከላችን የአባቱን ቀብር በስልክ ስክሪን ያየ አለ፤ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። የጥገኝነት ማመልከቻው ስላላለቀ እናቱን ለመቅበር መሄድ ያልቻለ አለ፤ ቢሄድ መመለሻ የለውም። በ2020 ዓለም ሁሉ በኮቪድ ሲዘጋ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይሞላለት የቀረ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ስልክ ተቋርጦ ወንድሙ መሞቱን ከወራት በኋላ የሰማ አለ። እነዚህ ሰዎች "ለምን አይጽናናም?" ሲባል እሰማለሁ። ወገኖቼ፣ ያዕቆብን አስቡት። በዘፍጥረት 37 የልጁን በደም የተነከረ ቀሚስ ብቻ አየ፤ አስከሬን አላየም። ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሡ መጽናናትን እንቢ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ እንቢታ ያዕቆብን አንድ ቃል አልነቀፈውም።

አራት ተቃውሞዎች

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። ቀላል አይደሉም፤ በአክብሮት ልመልሳቸው እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው፣ "ሐዘን በሽታ አይደለም" የሚለው ነው። እውነት ነው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አትዘኑ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሆናችሁ አትዘኑ ነው ያላቸው። አብዛኛው ሐዘንተኛ በጊዜ፣ በሰውና በቃሉ ይጠገናል፤ ቴራፒስት አያስፈልገውም። ግን አንዳንድ ቁስል ያመረቅዛል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በማርች 2022 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ "የተራዘመ ሐዘን" የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕመም አስገብቶታል። በአዋቂ ሰው ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ናፍቆቱ ወይም የሟቹ አሳብ በየቀኑ ያህል ሲይዘውና ኑሮውን መኖር ሲያቅተው ማለት ነው። በባለሙያዎቹ መካከልም ክርክር አስነሥቷል፤ ጤናማውን ሐዘን ሁሉ በሽታ ያደርገዋል ብለው የሰጉ ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሁሉም ሐዘን በሽታ አለመሆኑ የትኛውም ሐዘን ሕክምና አያሻውም ማለት አይደለም። እግር ሁሉ አይሰበርም፤ የተሰበረ እግር ግን አለ።

ሁለተኛው፣ "አማኝ ቃሉና ጸሎት አይበቃውም ወይ?" የሚለው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ተናግሮ ሲያበቃ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጳውሎስ ተአምር በእጁ እየተደረገ ሐኪሙን ሉቃስን የተወደደ ብሎ ይጠራዋል። ከእኛ መካከል አንዱ ኩላሊቱ ታሞ ዳያሊሲስ ሲጀምር "እምነት አጣ" ብሎ የሚያማው የለም፤ እንጸልይለታለን፣ ወደ ሕክምናውም እንነዳዋለን። ታዲያ አእምሮ ላይ ስንደርስ ሕጉ ለምን ይለወጣል? ያደግንበት ነገር ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። "አማኑኤል ይግባ" የሚለው ቃል በሰፈር ልጆች አፍ ስድብ ሆነ። እስቲ አስተውሉ፤ በኀፍረት የምንጠራው ያ ስም ትርጉሙ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው።

ታላላቆቹ አማኞችም ከዚህ አላመለጡም። ሲ. ኤስ. ሉዊስ ክርስትናን በዓለም ፊት በመከላከል የታወቀ ጸሐፊ ነበር። ሚስቱ በ1960 ስትሞትበት ሐዘኑን በማስታወሻ ጻፈ። መጽሐፉ በ1961 ሲታተም ግን ስሙን ደብቆ በሌላ ስም ነው ያወጣው። በየመድረኩ ስለ እምነት የተናገረ ሰው ስለ ሐዘኑ ለመናገር መሸሸጊያ አስፈለገው። በየጉባኤያችን ጠንካራ የምንላቸው ሰዎች፣ መዘምራን፣ ሽማግሌዎች፣ መጋቢዎችም ጭምር እንዲሁ መሸሸጊያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ያሉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ "ገመናዬን ለባዕድ አላወራም" የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ፈገግም አዝንም እላለሁ። እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ የጸሎት ርዕስ ተብሎ የተነገረ ስንት ነገር ነው በሳምንቱ ከሞርስ ሮድ እስከ ሬይኖልድስበርግ የተዳረሰው? ቴራፒስት የሰማውን እንዳያወጣ ሕግና ላይሰንሱ ያስሩታል። የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ራሳችሁን ወይም ሌላን ሰው ለመጉዳት አደጋ ካለ፣ ወይም ልጅ እየተጎዳ ከሆነ ዝም ማለት አይችልም። እነዚህንም በመጀመሪያው ቀን ያስረዳችኋል። ከዚህ ውጭ ያወራችሁት እዚያው ይቀራል።

አራተኛው፣ "ፈረንጅ ባህላችንን አያውቅም" የሚለው ነው። ይህም እውነትነት አለው። መርዶ ምን እንደ ሆነ፣ ቀብር መቅረት ለምን ዕድሜ ልክ እንደሚቆጭ፣ "እርሜን አላወጣሁም" ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም። ግን ጥሩ ባለሙያ ይጠይቃችኋል፤ እናንተም ታስረዱታላችሁ። ለብዙ ሰው ያ ማስረዳት ራሱ የሐዘኑን ቋጠሮ መፍቻ ይሆናል፤ ለሚያውቅ ሰው የማንናገረውን ለማያውቅ ሰው ስንናገር ራሳችንም እንሰማዋለንና። ክርስቲያን ቴራፒስት ብታገኙ መልካም ነው። ካልሆነ ግን ጌታ ስለ ማደሪያው ባለቤት ሲነግረን አይሁዳዊ ይሁን ሳምራዊ፣ ጻድቅ ይሁን ኃጢአተኛ አላነሣም። ቤቱ የቆሰለ ሰው የሚተኛበት መሆኑን ነው የነገረን። ሙያውን የሚያውቅና እምነታችሁን የሚያከብር ከሆነ ይበቃል።

እንዴት ይገኛል?

ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። "እሺ፣ ልሂድ፤ የት?" ይላል። ስለዚህ ስብከት መሆኑን ለጊዜው ርሱትና ወረቀት አውጡ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት፣ ካውንስለር፣ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስት በንግግር ያክማሉ። ለሐዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከእነዚህ ነው። ሁሉም በኦሃዮ ግዛት ላይሰንስ ያስፈልጋቸዋል፤ ላይሰንሳቸው የጸና መሆኑን ማንም ሰው በግዛቱ ድረ ገጽ ላይ በስማቸው ፈልጎ በነጻ ማየት ይችላል። በቪዲዮ የምትገናኙት ቢሆን እንኳ እናንተ ያላችሁት ኦሃዮ ነውና በኦሃዮ እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆን አለበት። መጋቢነት ሌላ ጥሪ ነው። እኔ አብሬያችሁ እጸልያለሁ፣ ቃሉን እከፍታለሁ፤ ቴራፒስት ግን አይደለሁም።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ኢንሹራንስ ካላችሁ ከካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሉና በአቅራቢያችሁ የሚቀበሉትን ቴራፒስቶች ስም ጠይቁ። ሜዲኬይድ የንግግር ሕክምናን ይሸፍናል። ትልልቅ ድርጅቶች የምትሠሩ ደግሞ ኤች.አር. ክፍሉን ስለ ሠራተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የተወሰኑ ነጻ ቀጠሮዎች ይሰጣሉ፤ ሠራተኛው ግን መኖሩንም አያውቅም። ኢንሹራንስ የሌላችሁ 211 ደውሉ፤ በአካባቢያችሁ ያለውን አገልግሎት ይጠቁማሉ። የፍራንክሊን ካውንቲ የአእምሮ ጤና ቦርድ፣ በአጭሩ አዳም የሚባለው፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚደግፋቸው ተቋማት አሉ። የሞተባችሁ ሰው በሆስፒስ ሲታገዝ የነበረ ከሆነ ደግሞ፣ ሜዲኬር የሚቀበል ሆስፒስ ለቤተሰቡ እስከ አንድ ዓመት የሐዘን ድጋፍ ማቅረብ ግዴታው ነው። ደውላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ቋንቋው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አስተርጓሚው የምታውቁት ሰው እንዳይሆን ከሰጋችሁ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ ይሁንልኝ በሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን ሐዘን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል መሸከም የለበትም።

ስትደውሉ አትፈሩ፤ እናንተም ጠይቁ። "ከሐዘንተኞች ጋር ሠርተህ ታውቃለህ? ኢንሹራንሴን ትቀበላለህ? ስለ እምነቴ በነጻነት መናገር እችላለሁ? ከየት እንጀምራለን?" በሉ። የመጀመሪያው ሰው ካልተስማማችሁ መቀየር ነውር አይደለም፤ ቃል ኪዳን አልገባችሁም። ግን በአንድ ቀጠሮ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ወረፋ አለው፤ ስማችሁን አስመዝግባችሁ ሌላም ቦታ ደውሉ።

ዓመት መጠበቅ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ምግብ ካልወረደ፣ መጠጥ መጽናኛ ከሆነ፣ "እኔም ወደ እርሱ በሄድኩ" የሚለው አሳብ ከተመላለሰ ዛሬውኑ ሰው ይወቅ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ 988 ደውሎ ሌሊትም ቀንም ሰው ማግኘት ይቻላል፤ በአስተርጓሚም ማነጋገር ይቻላል። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 911 ነው። ኤልያስም በበረሃ ነፍሱ እንድትወሰድ ለምኖ ነበር። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መልአክ ልኮ አስተኛው፣ አበላው፣ ደግሞም አበላው።

አደራ የሰጠ ይመለሳል

አሁን ወደ ጉባኤው ልመለስ፤ የዛሬው መልእክት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ አንድ ሰው እፎይ ሊል ይችላል። "ጥሩ ነው፣ ከእንግዲህ ያዘነ ሰው ሲመጣ የቴራፒስት ስልክ ሰጥተን እንሸኘዋለን" ሊል ይችላል። ወገኖቼ፣ ይህ የሳምራዊው መንገድ አይደለም። ይህ ካህኑና ሌዋዊው ገለል ብለው ያለፉበት መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ስናልፍ ስልክ ቁጥር መጣላችን ብቻ ነው።

ሳምራዊውን ከእነርሱ የለየው ምንድን ነው? ቁስሉን ሁሉ ራሱ አላዳነም። የሚያድነው ዘንድ አደረሰው እንጂ። ግን ሲያደርስ ሦስት ነገር አደረገ። ራሱ ይዞት ሄደ፤ "ማደሪያው ወደዚያ ነው" ብሎ አልጠቆመውም። ከኪሱ ከፈለ፤ በማቴዎስ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር፣ እርሱ የሁለት ቀን ላቡን አስቀመጠ። ደግሞም እመለሳለሁ አለ።

በእኛ ባህል አደራ ከባድ ቃል ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ብቻ አይደለም የሚታሰረው፤ አደራ የሰጠውም ይታሰራል። ልጁን አደራ ሰጥቶ የማይጠይቅ አባት አደራ አልሰጠም፤ ጣለው እንጂ። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ይመስለኛል። ሐዘንተኛን ወደ ባለሙያ ማድረስ እርሱን መተው የሚሆነው ሳንመለስ ስንቀር ነው። ከተመለስን ግን ፍቅር ነው፤ ያውም አቅሙን የሚያውቅ ትሑት ፍቅር። "ሁሉንም እኔ እበቃለሁ" የሚል ፍቅር ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ቆሰለው ሰው ሳይሆን ስለ ራሱ ነው።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? እህታችን ማክሰኞ ቀጠሮ ካላት አንዳችን ልጆቿን እንያዝላት፤ መኪና ከሌላት እንውሰዳት። የሚከፈል ነገር ካለ ለቲኬት እንደምናዋጣው እናዋጣ፤ ያውም ስሟ ሳይጠራ። ምን እንዳወራች አንጠይቃት። "ቴራፒስት ጀመረች" የሚለው ወሬም ከእኛ አይውጣ። ሽማግሌዎችና የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎች ደግሞ መዝገብ ያዙ። ሰው የሞተበትን ወገን በአርባኛው ቀን፣ በሦስተኛው ወር፣ በዓመቱ ሄዳችሁ እዩት። ስለ ሞተው ለመጸለይ አይደለም፤ ከቆመው ጋር ለመቀመጥ ነው። የሟቹን ስም ጥሩለት። "እስቲ ስለ እማማ ንገረኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" በሉት። ብዙ ሐዘንተኛ የሚፈራው ስሟ ተጠርቶ ማልቀሱን አይደለም፤ ስሟን የሚጠራ ሰው መጥፋቱን ነው። ንግግር ስናበዛ ደግሞ የኢዮብን ወዳጆች እናስታውስ፤ ሰባት ቀን ዝም ሲሉ መልካም ነበሩ፤ የተበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው።

አንተ ሐዘንተኛ ወንድሜ፣ አንቺ ሐዘንተኛ እህቴ፣ ለእናንተ አንድ ቃል ልጨምር። የቆሰለው ሰው በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር አልሠራም። አልተነሣም፣ አልተራመደም፣ አመሰግናለሁ ማለቱም አልተጻፈም። ጠንካራ ሆኖ አልተገኘም። ሲያነሡት ተነሣ፣ ሲጭኑት ተጫነ፣ ሲያስተኙት ተኛ። ይህ ውርደት አይደለም። እርዳታ መቀበል ራሱ እምነት የሚጠይቅ ሥራ ነው። እናታችሁን፣ ልጃችሁን፣ የትዳር ጓደኛችሁን መውደዳችሁ ነው እንዲህ ያቆሰላችሁ፤ መዳን ማለትም መርሳት ማለት አይደለም። ሳትቆስሉ የምታስታውሱበት ቀን ይመጣል።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሐዘናችንን የምታውቅ ነህ። ልጅህ በመቃብር አጠገብ አልቅሷል። ዛሬ በዚህች ከተማ ማንም ሳያያቸው የሚያለቅሱትን፣ በፈረቃ ዕረፍት መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያነቡትን አስባቸው። ስልክ ለማንሣት ድፍረት ስጣቸው። በጥበብና በርኅራኄ የሚያክሙ ሰዎችን አዘጋጅላቸው። እኛንም መንገድ ዳር የማንጥል፣ አደራ ሰጥተን የምንመለስ ሕዝብ አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።